አባቴ በእግሩ የሚያየው መንገድ

ከዊንጌት ወደ ቁስቋም የሚያወጣውን መንገድ «ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ሳቄ ይመጣል። ዓይኑን ጨፍኖ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም አባቴ ነው። ማየት ካቆመ ቆይቷል። ግላኮማ ነው አሉን። እንደ ሌባ ሳይሆን እንደ እንግዳ ነው የመጣበት፤ ቀስ ብሎ ገባ፣ ከዳር ከዳር ያለውን ብርሃን ሰበሰበ፣ በመጨረሻም መሃል ላይ የቀረችውን ይዞ ወጣ። አባቴ ያን ጊዜ አላለቀሰም። «ያየሁትን አይቻለሁ» ብሎ ሬዲዮውን ከፈተ።

አባቴ የአሰብ መስመር ሹፌር ነበር። ጉልምስናውን በሙሉ ተሳቢ መኪና ላይ አሳልፎ ጡረታ ሲወጣ የተረፉት የተጎዳ ወገብና አንዲት ትንሽ ነጭ የቤት መኪና ነበሩ። ወገቡ ከሱ ጋር ቀረ፤ መኪናዋ ወደ እኔ ዞረች። እኔ እነዳለሁ፣ እሱ ባርኔጣውን ደፍቶ ከጎኔ ይቀመጣል፤ ስለ አነዳዴ ያለውን ቅሬታም አይደብቅም። ማርሽ የቀየርኩበትን ድምፅ ሰምቶ ፊቱን የሚያጨማድድ ሰው አጠገብ ተቀምጦ መንዳት ምን ማለት እንደሆነ የቀመሰው ያውቀዋል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ዊንጌት ይዤው እወርዳለሁ። እዚያ ጡረታ የወጡ ሹፌሮች የሚሰበሰቡባት አንዲት ሻይ ቤት አለች። ዛሬ ማንም የማይነዳበትን መንገድ፣ ዛሬ የሌለውን ኬላ፣ ዛሬ በሕይወት የሌለውን ረዳት እያነሱ እስከ ምሳ ሰዓት ይከራከራሉ። እሱ የሚኖረው ለዚያች ቅዳሜ ነው ብል አላጋነንኩም። ሌላውን ቀን ሁሉ በሩ አጠገብ ባለች ወንበር ላይ ሆኖ ሰፈሩን ያዳምጣል፤ ቅዳሜ ግን ፂሙን ይላጫል፣ ካፖርቱን ይለብሳል፣ እኔ ቁልፍ ስፈልግ «የኔ ልጅ ፀሐይ ወጣች እኮ» ይለኛል። ፀሐይ መውጣቷን በጉንጩ ነው የሚያውቀው።

ከሻይ ቤቱ ወደ ላይ ስንመለስ ጨዋታችን ይጀምራል። እኔ ዝም እላለሁ፣ እሱ የት እንደደረስን ይናገራል። «አስፋልቱ አለቀ» ይላል፤ ወዲያው ኮብልስቶኑ ከሥራችን ይንኳኳል። «ይቺ ያቺ የተሰነጠቀችው ድንጋይ ናት፣ ቀኝሽን ያዢ።» «ወፍጮ ቤቱ ጋ ነን፤ ዘንድሮም ጉድጓዷን አልደፈኗትም።» አንዳንዴ ላሳስተው ብዬ በማላውቀው ቅያስ እጠመዘዛለሁ። ትንሽ ያዳምጥና «አንቺ ወስላታ፣ የማን ግቢ ልትከቺኝ ነው?» ይለኛል። ተሸንፌ እመለሳለሁ።

ክረምት ላይ ጉሙ ከእንጦጦ ይወርድና ባሕር ዛፎቹን፣ አጥሩን፣ የመንገዱን ዳር አንድ በአንድ ያጠፋቸዋል። ያን ጊዜ እኔም እንደሱ እሆናለሁ፤ ከፊቴ ያለው ሁሉ ነጭ ነው። እሱ መንገዱን እየነገረኝ፣ እኔ የነገረኝን እየነዳሁ፣ ሁለታችን በአንድ ደመና ውስጥ እንወጣለን። አሁን ሳስበው በሕይወቴ እንደዚያ ሰላም የተሰማኝ ጊዜ ጥቂት ነው። የት እንዳለን አላውቅም፤ አባቴ ግን ያውቃል።

ከቁስቋም ዳገት ሥር መንገዱን አቋርጦ የሚያልፍ የድንጋይ ቦይ ነበር። የዝናብ ውሃ ማፍሰሻ ነው። እዚያ ስንደርስ መኪናዋ መጀመሪያ በፊት ጎማዋ፣ ቀጥሎ በኋላ ጎማዋ ጎንበስ ትላለች። አባቴ ያንን ሲሰማ ባርኔጣውን ከፍ ያደርግና «እንደምን ዋልሽ» ይላል፤ ለእኔ አይደለም፣ ለእናቴ ነው።

እናቴ ካረፈች ብዙ ዓመት ሆኗታል። እኔ ሳልወለድ በፊት፣ በኋላም ልጅ ሳለሁ፣ አባቴ ከአሰብ ሲመለስ ተሳቢው ከቦዩ በላይ ስለማይወጣ እዚያው ያቆመው ነበር። እሷ የሞተሩን ድምፅ ከቤት ትለየዋለች። ነጠላዋን ደርባ ትወርድና ቦዩ ዳር ቆማ ትጠብቀዋለች። ሰው ፊት መተቃቀፍ ነውር ስለሆነ እሱ ባርኔጣውን ያነሳል፣ «እንደምን ዋልሽ» ይላል፤ እሷ «እንኳን በሰላም ገባህ» ትላለች፤ በቃ፣ ሌላ ነገር የለም። ያንን በረሃ ሁሉ አቋርጦ የመጣ ሰው በሁለት ቃል ይጨርሳል። እኔ ግን አጠገባቸው ቆሜ አይቻቸዋለሁ፤ በሁለቱ ቃል ውስጥ ያልነበረ ነገር አልነበረም።

ከጊዜ በኋላ ወገቡ ባሰበት። ሐኪሙ የጀርባው ዲስክ መንሸራተቱን ነግሮን «ከመንገጫገጭ ይጠበቁ» አለው። እንግዲህ ቁስቋም ዳገት ላይ ለሚኖር ሰው ከመንገጫገጭ ተጠበቅ ማለት ከቤት አትውጣ ማለት ነው። መኪናዋም እንደሱ ደክማ ነበር። ሞላዎቿ፣ ማለትም ጎማው ላይ ተቀምጠው አካሏን የሚሸከሙት ጥቅል ብረቶች፣ ረግበው ሆዷ መሬት መላስ ጀምሯል። ጉድጓድ በገባን ቁጥር ድንጋዩ ከሥር ይፈጨናል፣ ምቱ በቀጥታ ወደ አባቴ አከርካሪ ይወጣል። እሱ ምንም አይልም። ሹፌር ስለ መንገድ አያማርርም። የመቀመጫውን ጠርዝ ይዞ ጣቶቹ ሲነጡ ግን አያለሁ።

እኔ ደግሞ ትዕግሥት ያልፈጠረብኝ ሰው ነኝ። አንድ ቅዳሜ እሱን ሻይ ቤት ካደረስኩ በኋላ መኪናዋን ቀጥታ ወደ ጋራዥ ነዳኋት።

ጋራዡ ባሕር ዛፎች ሥር ያለ የቆርቆሮ ዳስ ነው። ባለቤቱ በእኔ ዕድሜ ያለ፣ የሚቀልድ፣ ሲቀልድ ግን የማይስቅ መካኒክ ነው። ጎንበስ ብሎ ከጎማው አናት እስከ ቆርቆሮው ያለውን ክፍተት በስንዝሩ ለካ። ስንዝሩ አልገባም።

«ከፍ ይበልልሽ ወይስ ይለስልስልሽ?» አለኝ።

«ሁለቱም።»

«ሁለቱም የሚባል ነገር እዚህ ጋራዥ ውስጥ የለም፣ እህቴ። እዚህ ሰፈር መኪና ዝቅ አለ ሲባል ሰው ሁሉ ከሞላው ላይ ስፔሰር አስገባ ይለኛል። ወፍራም የላስቲክ ቁራጭ ነው፤ በአንድ ከሰዓት መኪናሽ እንደ ሙሽራ ቀና ትላለች። ከዚያ ግን ጋሪ ትሆናለች። የሚቀመጥባት ማን ነው?»

ነገርኩት። ያን ጊዜ እንግዳ የሆነብኝን ነገር ተናገረ። «መኪና ባዶውን አይለካም። አምጫቸው፤ ይቀመጡና እንለካ።»

እሱ ጋ ደንቡ ይሄ ነበር። ሰው ያልተጫነበትን መኪና ቁመት አይነካም። ባልና ሚስት ከሆኑ ሁለቱም መጥተው በየቦታቸው ይቀመጣሉ። እህል የሚጭን ነጋዴ ከሆነ ጆንያው ይመጣል። አባቴን ከሻይ ቤት አመጣሁትና በየቦታችን ተቀመጥን። መካኒኩ መሬት ላይ ተንበርክኮ እየዞረ ጎማዎቹን በስንዝር ለካ።

«ጋሼ፣ እንዲያው ትንሽ ወደ ኋላ ደገፍ ይበሉ። ሁልጊዜ እንደሚቀመጡት።»

«ሁልጊዜ እንደምቀመጠው ከሆነማ መሪውን ስጡኝ» አለ አባቴ። ሁላችንም ሳቅን። ምን እንዲሆንለት እንደሚፈልግ ግን ማናችንም አልጠየቅነውም። ወገቡን ነው የጠየቅነው።

መካኒኩ ብዙ ተፈላለገ። ከመርካቶ ከቀድሞዎቹ ረዘም ያሉና ለስለስ ያሉ ሞላዎች አገኘ። ንዝረቱን የሚያበርዱትን አሞርዛቶሮች በዘይት በሚሠሩ ቀየራቸው። በብረትና በብረት መሃል የሚገቡትን ጎሚኒዎች፣ ጠንካሮቹን አውጥቶ ለስላሶቹን አስገባ። እኔም አላረፍኩ። ነገር ካማረ አይቀር ብዬ ለአባቴ መቀመጫ ወፍራም ስፖንጅ አሰፋሁ፣ ከእግሩ ሥር ድርብ ምንጣፍ አነጠፍኩ፣ ጎሚስታ ቤት ሄጄ ከጎማዎቹ ላይ ትንሽ ትንሽ አየር አስቀነስኩ። ጎሚስታው «ምነው፣ ቤንዚን ሊያባክንብሽ ነው እኮ» ብሎኝ ነበር። አልሰማሁትም።

እንዴት እንደሆነች ልንገራችሁ። ከዊንጌት ተነስተን አስፋልቱ ሲያልቅ ኮብልስቶኑን ጠበቅኩት፤ አልመጣም። በመስኮት አየሁት፣ ድንጋዩ እዚያው ነው፣ እኛ ግን ከላዩ የሆነ ቦታ እየተንሳፈፍን ነበር። ወፍጮ ቤቱ ድምፅ ሳይሰጥ አለፈ። የሰዎች ፊት፣ የብርቱካን ጋሪ፣ ደጃፍ ላይ የተሰጣ በርበሬ፣ ሁሉም ቀስ ብለው ወደ ኋላ ይሄዳሉ። ሰዓቱ ከሰዓት ነበር፤ የባሕር ዛፎቹ ጥላ መስታወቱ ላይ ሲመላለስ እንቅልፍና ንቃት መሃል ያለሁ መሰለኝ። ልጅ ሆኜ በአባቴ ጀርባ ታዝዬ፣ ጉንጬን ካፖርቱ ላይ አድርጌ ስሄድ እንደዚያ ነበር። ደስ ብሎኝ ዕንባዬ መጣ። አሁን እኔ አዘልኩት አልኩ በልቤ።

በራችን ላይ ደርሰን ሞተሩን አጠፋሁ።

«ለምን ቆምሽ?» አለኝ አባቴ።

«ደረስን።»

«የት?»

«ቤት ነዋ፣ አባዬ።»

ቀኝ እጁ ወደ ባርኔጣው ተነስቶ አየር ላይ ቆመ። «ቦዩስ?»

«አለፍነው እኮ።»

«መቼ?»

እጁ ወደ ጉልበቱ ተመለሰ። ወገቡን አመመው እንደሆነ ጠየቅኩት፤ «ምንም፣ ጨርሶ አልተሰማኝም» አለኝ። እውነቱን ነበር የተናገረው፤ እኔም የምስራች አድርጌ ሰማሁት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ካፖርቱን አልለበሰም። «ዛሬ ይቅርብኝ» አለ። የሚቀጥለውም ቀረበት። የሻይ ቤቱ ጓደኞቹ ስልክ ደወሉ፤ ጉንፋን ይዞኛል አላቸው፣ ጉንፋን ግን አልያዘውም ነበር። አንዴ በግድ ይዤው ወጣሁ። ቢቸግረኝ ቦታውን እኔ ልንገረው ብዬ «አሁን ወፍጮ ቤት... አሁን ዊንጌት...» ማለት ጀመርኩ። ጥቂት ታገሰኝና «ልጄ፣ እንደ ታክሲ ረዳት አትጥሪልኝ» አለኝ። ሻይ ቤቱ ውስጥም ብዙ አልተከራከረም አሉኝ።

ወንበሩ ላይ መቀመጡ ቀጠለ። ፂሙ አደገ። ድሮ የሰፈሩን እግር ኮቴ እየለየ «ያቺ እንትና ናት፣ ጫማዋን ቀይራለች» የሚለው ሰው በሩ ሲንኳኳ እንኳ ራሱን አላዞር አለ። እያየሁት አነሰ። ፈራሁ፤ ፍርሃቴ ደግሞ እኔ ጋ ሁልጊዜ በቁጣ ነው የሚወጣው።

«እንግዲህ ምን ላድርግህ?» አልኩት አንድ ማታ ራት አልበላም ሲለኝ። «ሲያምህም ዝም፣ ሲሻልህም ዝም! ለማን ብዬ ነው መኪናዋን እንደዚያ ያሠራኋት?»

ፊቱን ወደ እኔ ሳይሆን ወደ በሩ አድርጎ ተናገረ።

«አልፌያት ሄድኩ እኮ።»

«ማንን?»

«እናትሽን። ሰላም ሳልላት።» ከንፈሩን በምላሱ አራሰ። «አንቺ ዓይን አለሽ፤ መንገድ ለአንቺ መንገድ ነው። እኔ የቀረኝ ያ ድንጋይ ነበር። ሲመታኝ እዚህ ነኝ እላለሁ፤ ይሄ ወፍጮ ቤት ነው፣ ይሄ ቦዩ ነው፣ እዚህ ቆማ ነበር። ወገቤ ዳነ፣ እግዜር ይስጥሽ። ግን መኪና ውስጥ ስገባ የትም የለሁም። በጨለማው ላይ ዝምታ ጨመርሽበት።»

ሳህኑን አንስቼ ወጥ ቤት ገባሁና ውሃውን ከፍቼ አለቀስኩ። ውሃውን የከፈትኩት እንዳይሰማኝ ነው፤ የአባቴን ጆሮ ግን ረስቼው ነበር። «ነይ በይ፣ እበላለሁ» አለኝ ከወዲያ።

በማግስቱ መካኒኩ ጋ ሄድኩ። «አበላሽልኝ» አልኩት።

«ምኑን?»

«የሠራኸውን ሁሉ። እንደ ድሮው ትንገጫገጭ።»

መፍቻውን ከእጁ አስቀመጠ። «ወላሂ፣ ብዙ ሰው አይቻለሁ» አለ። «ሳይከፍል የሚሄድ አይቻለሁ፣ ያልሠራሁትን ሠራህ ብሎ የሚመርቀኝ አይቻለሁ። አበላሽልኝ የሚል ግን አንቺ የመጀመሪያዬ ነሽ።» ነገሩን ከነገርኩት በኋላ ግን መቀለዱን ተወ። የቆርቆሮው ጣሪያ ላይ የሚንኳኳውን የባሕር ዛፍ ፍሬ ለጥቂት ጊዜ እያዳመጠ ቆየ። «እኔም ወገብ ብቻ ነው ያየሁት» አለ። «ብናበላሸው ደግሞ ወገባቸው ይመለሳል። እስቲ እሳቸውን ላነጋግር።»

ማታ ከሥራ በኋላ ቤታችን መጣ። እጁን ታጥቦ ነበር፣ ግን የዘይት ሽታው ቀድሞት ገባ፤ አባቴ ሳይነግሩት «መካኒኩ መጣህ» አለው። ሁለቱ ስለ ጭነት፣ ስለ ቁልቁለት፣ ስለ ፍሬን ብዙ አወሩ። ለረጅም ጊዜ ያልሰማሁትን የአባቴን ድምፅ ሰማሁ፤ ያን ከሻይ ቤት የሚመጣውን፣ ሊከራከር የተዘጋጀውን።

«ጋሼ፣ የትኛው ነው የሚጎዳዎት? የትኛው ነው የሚነግርዎት?» አለው መካኒኩ በመጨረሻ።

አባቴ አሰበ። ይህን ጥያቄ የጠየቀው ሰው አልነበረም። «የሚጎዳኝ ትልቁ ነው» አለ። «ጉድጓድ ገብቶ ዱብ ሲል። የሚነግረኝ ግን ትንሹ ነው፤ ንዝረቱ። እ... እንዴት ልበልህ፣ ተሳቢ ስነዳ ጫማዬን አወልቅ ነበር። የሞተሩን ነገር ጆሮ ይሰማል፣ የመንገዱን ግን እግር ነው። አሸዋ ሲሆን፣ ጠጠር ሲሆን፣ ሙቀት ያለሰለሰው አስፋልት ሲሆን እግሬ ቀድሞ ያውቃል። ሹፌር መንገድ የሚያየው በእግሩ ነው።»

መካኒኩ ወደ እኔ ዞረ። «ምንጣፉን ማን ነው ያነጠፈው?»

«እኔ» አልኩ።

«ስፖንጁንስ?»

ቡና ላፍላ ብዬ ተነሳሁ። አባቴ ሳቀ። የኔ መጋለጥ ነው ያሳቀው፤ ግድ የለም፣ ሳቁን እንጂ ምክንያቱን አልፈለግኩም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አባቴን ይዤ ጋራዡ ገባሁ። መካኒኩ ትልቁን ምት እንዲውጡልን ሞላዎቹንና አሞርዛቶሮቹን አልነካቸውም። ለስላሶቹን ጎሚኒዎች አውጥቶ ጠንካሮቹን መለሰ። ጎማዎቹ በደንብ ተነፉ። ስፖንጁ ወጣ። ከአባቴ እግር ሥር ምንጣፉ ሁሉ ተነስቶ ወለሉ ባዶ ቆርቆሮ ሆነ። አባቴ ጫማውን አወለቀ፤ ካልሲ የለበሰ እግሩን ቆርቆሮው ላይ ሲያደርግ ቀስ ብሎ፣ ቀዝቃዛ ውሃ እንደሚሞክር ሰው አደረገው።

መካኒኩ መሬቱ ላይ አሸዋ በተነ፤ እኔ መኪናዋን በላዩ ዝግ ብዬ ነዳኋት።

«አሁንስ፣ ጋሼ?»

«አሸዋ ነው።»

መጥረጊያ አምጥቶ ጠረገው፣ ጠጠር በተነ። «አሁንስ?»

«ጠጠር። አንዱ ጡብ ነው መሰለኝ።»

ጎንበስ ብለን አየን። አንዱ በእርግጥም የጡብ ስባሪ ነበር። መካኒኩ አፉን በክንዱ ሸፍኖ ቆየ፤ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ ወደ ቤት ወጣን። አስፋልቱ ሲያልቅ ኮብልስቶኑ መጣ፤ እንደ ድሮው እየደበደበን ሳይሆን ከሩቅ እንደሚሰማ ዝናብ፣ ከቆርቆሮው ሥር እየተንሾካሾከ። አባቴ ባዶው ቆርቆሮ ላይ ተረከዙን ጫን አደረገ። ዓይኑን ጨፍኖ ነበር፤ መክፈቱም መጨፈኑም ለሱ አንድ ቢሆንም፣ ደስ ሲለው ይጨፍነዋል። «የተሰነጠቀችው» አለ በለሆሳስ። ቆየና «ወፍጮ ቤቱ» አለ። ወፍጮው ጋ ያለችው ጉድጓድ መኪናዋን ዋጠችና መለሰቻት፤ ጣቶቹን አየሁ፣ አልነጡም። ጉም አልነበረም፣ ቀኑም ብሩህ ነበር፤ እኔ ግን እንደገና በዚያ ደመና ውስጥ ነበርኩ፣ የት እንዳለን የሚያውቅ ሰው አጠገብ።

ቦዩ ጋ መኪናዋ በፊቷ ጎንበስ አለች፣ ቀና አለች፤ በኋላዋ ጎንበስ አለች፣ ቀና አለች። ባርኔጣው ተነሳ።

«እንደምን ዋልሽ» አለ። «ሰነበትኩብሽ። ልጅሽ ናት ሰላም ሳልልሽ ያሳለፈችኝ፤ ወቀሳውን ለእሷ ንገሪያት።»

«አንተ ራስህ ነግረኸኝ የለ» አልኩት።

እንዲህ ሆነን ክረምትና በጋ አለፈ። ፂሙን መላጨት ጀመረ፣ ሻይ ቤት ውስጥም ከበፊቱ የባሰ ይከራከራል አሉኝ። ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ቢያበቃ እኔም ደስ ባለኝ ነበር።

ዘንድሮ መንገዳችን ተቆፈረ። ማሽኖቹ ከታች ጀምረው ኮብልስቶኑን እየነቀሉ ወጡ። ሰፈሩ እልል አለ፤ ስንት ዓመት የተለመነ አስፋልት ነው፣ እልል ቢል አይፈረድበትም። እኔ ግን በየምሽቱ ከሥራ ስመለስ ማሽኑ ቦዩ ጋ ለመድረስ ስንት እንደቀረው በእርምጃ እለካ ነበር። መጀመሪያ የተሰነጠቀችው ድንጋይ ሄደች፣ ቀጥላ የወፍጮ ቤቷ ጉድጓድ። ከዚያ አንድ ቀን ቦዩ ላይ ቱቦ ቀብረው አፈር አልብሰውበት አገኘሁ። መንገዱ ለመኪና ተዘግቶ ስለነበር አባቴ ቤት ከርሟል። ሥራው መኖሩን ይሰማል፤ እስከ የት እንደደረሰ ግን አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም።

መንገዱ ሲከፈት ቅዳሜ ነበር። ስንወርድ ከጓደኞቹ ጋር ስለሚጨቃጨቀው ነገር እያወራ ስለነበር መንገዱን ልብ ያለው አልመሰለኝም። ስንመለስ ግን ጫማውን አወለቀ፣ እግሩን ቆርቆሮው ላይ አደረገ፣ ጠበቀ። አዲሱ አስፋልት ጥቁርና ዝም ያለ ነበር። ከሰዓቱ ፀሐይ ላዩ ላይ ትንቀጠቀጣለች። መኪናዋ ያለ ምንም ድምፅ ወጣች፣ በስፖንጅና በምንጣፍ ባለሰለስኳት ቀን እንደወጣችው።

«ለሰለሰ» አለ አባቴ።

ወፍጮ ቤቱ አለፈ። ልንገረው ወይስ ልተወው? እንደ ረዳት ልጥራለት? ዳገቱ ሥር ያለው ጎባጣ ባሕር ዛፍ ታየኝ፤ ቦዩ የነበረው ከሱ ትይዩ ነው። ያን ጊዜ አላሰብኩም፤ እግሬ ነው ያሰበው። ፍሬኑን ቀስ አድርጌ ነካሁት። ለስላሶቹ ሞላዎች ረገቡና መኪናዋ በፊቷ ጎንበስ አለች። ለቀቅኩት፣ ቀና አለች። እንደገና ነካሁት፤ ጎንበስ አለች፣ ቀና አለች።

ወደ ጎን ለማየት ፈራሁ። ከዚያ የካፖርቱ እጅጌ ሲንሿሿ ሰማሁ። ባርኔጣው ተነስቷል።

«እንደምን ዋልሽ» አለ አባቴ።

በራችን ላይ ደርሰን ሞተሩን አጠፋሁ። ጫማውን ጎንበስ ብሎ ፈልጎ አጠለቀ። በሩን ልከፍትለት ስወርድ እጄን ያዘኝ።

«ቦዩ የለም፣ አይደል?»

«የለም፣ አባዬ።»

ራሱን ነቀነቀ። እጄን አልለቀቀም። «ሁለተኛው መጎንበስ ግን ከመጀመሪያው ይከብድ ነበር» አለኝ። «ዳገት ነው፤ ክብደቱ ወደ ኋላ ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ አስተካክለሽ አድርጊው።»